የሽማግሌ ወረቀት፣ ከዱባይ የተላከ ገንዘብና ያመለጠ ቀጠሮ፦ የአንባቢዎች የሕግ ጥያቄዎች

የዚህ እትም ጥያቄዎች ሁሉም ከትዳር፣ ከልጅና ከውርስ ጋር የተያያዙ ናቸው። መልሶቹ የተመሠረቱት በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992)፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እና በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ላይ ነው። የቤተሰብ ሕጉ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አብዛኞቹ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በክልል ያላችሁ አንባቢዎች የምንጠቅሳቸውን አንቀጾች ከክልላችሁ ሕግ ጋር አመሳክሩ።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር በ2012 ዓ.ም. በሽማግሌ ተለያይተናል። ሦስት ሽማግሌዎች የፈረሙበት «ከእንግዲህ አንዱ በአንዱ አይደርስም» የሚል ወረቀት በእጄ አለ። ሁለቱ ልጆች ከእኔ ጋር ናቸው። በትዳር ሳለን የሠራነው ቤት በእሱ ስም ነው፤ አሁን ሊሸጠው ደላላ እያመላለሰ ነው። «ከተፋታችሁ በኋላ ምን አገባሽ» ይሉኛል። እውነት አያገባኝም? (ከኮልፌ)

መልስ፦ ያገባዎታል። በሕግ ዓይን እርስዎ ዛሬም ሚስት ነዎት። ጋብቻ መፍረሱን ሊወስን የሚችለው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ያሸማግላል፣ ንብረት ላይ ያስማማል፤ ማፋታት ግን ሥልጣኑ አይደለም። ጋብቻቸው በእስልምና ሥርዓት የተፈጸመ ተጋቢዎች ሁለቱም ፈቅደው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊሄዱ ይችላሉ፤ እሱም ቢሆን ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ ያ ወረቀት የፍቺ ወረቀት አይደለም። ያም ሆኖ አይጣሉት፤ መቼ እንደተለያያችሁና ስለ ንብረቱ ምን እንደተባባላችሁ ያሳያል።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወቁ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 20938 ባልና ሚስት ለረጅም ጊዜ ተለያይተው፣ ከሌላ ሰው ጋር አዲስ ሕይወት መሥርተው ከኖሩ ጋብቻው ፈርሷል ሊባል የሚችልበትን መንገድ ከፍቷል። የባለቤትዎ ጠበቃ ይህን ሊያነሳ ይችላል። ቢሳካለት እንኳ የሚጠቅመው ከመለያየታችሁ በኋላ ላፈራው ንብረት ነው፤ አብራችሁ የሠራችሁት ቤት የጋራ መሆኑን አያስቀርም። የሰሚ ሰሚ «ከአምስት ዓመት በኋላ ጋብቻ በራሱ ይፈርሳል» የሚባለው ግን የትም አልተጻፈም።

ወደ ቤቱ እንምጣ። በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 63 መሠረት በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል። «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። አንቀጽ 68 ደግሞ የጋራ የሆነ ቤት ለመሸጥ፣ ለማከራየት ወይም በዋስትና ለማስያዝ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ባልየው ብቻውን ከሸጠ ሚስት ሽያጩ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች፤ ግን መሸጡን ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ምንጊዜም ቢሆን ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። «ሽማግሌ ልላክበት፣ ምናልባት ይመለስ ይሆናል» እያለች ስምንት ወር ያለፋት ሴት ቤቱም ጊዜውም ያልፏታል።

እርስዎ ገና ስላልተሸጠ ዕድለኛ ነዎት። ነገ ዛሬ ሳይሉ በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት የፍቺ አቤቱታ ያቅርቡ፤ ከአቤቱታው ጋርም የእግድ ጥያቄ ያያይዙ። የሚያስፈልግዎት የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የካርታው ኮፒ (ከሌለ የቤት ቁጥሩና ወረዳው)፣ ቤቱ ሊሸጥ መሆኑን የሚገልጽ ቃለ መሃላና የምስክሮች ዝርዝር ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከሌለዎት አይደናገጡ፤ በባልና ሚስትነት እንደኖራችሁ፣ ቤተሰብና ጎረቤትም እንደዚያ ያውቃችሁ እንደነበር በምስክር ማስረዳት ይቻላል። የዳኝነት መክፈያ ካጡም «በደሃ ደንብ» ለመክሰስ ያለዎትን ንብረት በቃለ መሃላ ዘርዝረው መጠየቅ ይችላሉ።

እግዱ ሲሰጥ ሥራው አላለቀም። ትእዛዙን ራስዎ ይዘው ካርታው ወዳለበት የመሬት መሥሪያ ቤት ማድረስ አለብዎት። ሁለት ስህተቶችን ይጠንቀቁ። አንደኛው፣ በትእዛዙ ላይ የቤት ቁጥር ወይም የካርታ ቁጥር ሳይጻፍ መቅረቱ ነው፤ ከሬጅስትራር ሳይወጡ ያንብቡት። ሁለተኛው፣ ደብዳቤውን ወረዳ ማስገባት ነው፤ የይዞታው ማህደር ክፍለ ከተማ ካለ ወረዳ ያስገቡት ደብዳቤ ሽያጩን አያስቆምም። መዝገብ ክፍል ሲያስገቡ ኮፒው ላይ ማኅተምና ቀን አስደርገው ይያዙ። አንድ ኮፒ ለውልና ማስረጃ ቢገባም አይከፋም፤ የሽያጭ ውሉ የሚፈረመው እዚያ ነውና።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ፍቺ አይፈልግም፤ እኔ ግን ቆርጫለሁ። ጥፋት አሳይ ይሉኛል? ስንት ጊዜ ይፈጃል? (ከቦሌ)

መልስ፦ ጥፋት ማሳየት አይጠበቅብዎትም። በአሁኑ ሕግ አንዱ ወገን ብቻ ያለ ምክንያት ፍቺ መጠየቅ ይችላል። ዳኛው ሁለታችሁንም አብረው ወይም ለየብቻ ያነጋግራሉ፤ በሽማግሌ እንድትታረቁ ሊጠይቋችሁ፣ ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጡ ይችላሉ። እርቅ ካልተገኘ የሽማግሌዎቹ ሪፖርት ከደረሰ ወይም የማሰላሰያው ጊዜ ካለቀ በ1 ወር ውስጥ ፍቺው መወሰን አለበት። ሁለታችሁም ከተስማማችሁ ደግሞ መንገዱ አጭር ነው፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ቀለብና ስለ ንብረት የተስማማችሁበትን በጽሑፍ አቅርባችሁ ፍርድ ቤቱ እንዲያጸድቀው ትጠይቃላችሁ። ስምምነቱ ልጆችን የሚጎዳ መስሎ ከታየው ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ቀሪውን ራሱ ሊወስን ይችላል።

የሚረዝመው ንብረቱ ነው። ፍቺው በአራት ወር አልቆ የቤት ክፍፍሉ ዓመታት የሚወስድበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀጠሮ ጊዜያዊ ትእዛዝ መጠየቅን አይርሱ፦ ልጆች ከማን ጋር ይቆዩ፣ ቀለብ ስንት ይሁን፣ የኪራይ ቤት ገቢውን ማን ይሰብስብ። ሕጉ ፍርድ ቤቱ አቤቱታው እንደደረሰው ስለነዚህ ትእዛዝ እንዲሰጥ ያዛል፤ በተግባር ግን ያልጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያገኝ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ከ2007 እስከ 2014 ዓ.ም. ዱባይ በቤት ሠራተኝነት ሠርቻለሁ። ያገባሁት ከመሄዴ በፊት ነው። በየወሩ ለባለቤቴ እልክ ነበር፤ እሱም ቤት ሠራ፤ ካርታው በእሱ ስም ነው። ለታናሽ ወንድሜ ደግሞ ሚኒባስ እንዲገዛልኝ ብዬ ለብቻ ልኬ ነበር፤ ሊብሬው በእሱ ስም ወጣ። ዛሬ ሁለቱም «የኔ ነው» ይላሉ። ባዶ እጄን ልቀር ነው?

መልስ፦ ሁለቱ ጉዳዮች ቢመሳሰሉም በሕግ ፊት ይለያያሉ። የባለቤትዎ ይቀላል፣ የወንድምዎ ይከብዳል።

ቤቱ በትዳር ጊዜ የተሠራ ነው። በትዳር ውስጥ በሥራ የተገኘ ገቢ፣ ማንም ይሥራው፣ የጋራ ነው። ስለዚህ ካርታው በማን ስም ቢወጣ ለውጥ አያመጣም፤ ባለቤትዎ ቤቱ በውርስ ወይም በስጦታ የመጣ፣ ወይም ከጋብቻ በፊት በነበረው ገንዘብ የተሠራ መሆኑን ካላስረዳ በቀር ግማሹ የእርስዎ ነው። የሚያሳዝነው ክፍል ደግሞ ይኸውና፦ ገንዘቡን በሙሉ እርስዎ ቢልኩትም የሚደርስዎት ግማሹ ነው። ደሞዝዎም የጋራ ገቢ ነበርና። ብዙ እህቶች ችሎት ላይ የሚደነግጡት እዚህ ጋ ነው።

ሲካፈሉ ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ በዓይነት ለመከፋፈል ይሞክራል። ካልተቻለ አንዱ የሌላውን ድርሻ በመሐንዲስ ግምት ከፍሎ ያስቀራል፤ ካልተስማሙ በሐራጅ ይሸጣል። ግምቱ የቆየ ከሆነ ይቃወሙ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የቤት ዋጋ የት እንደሚደርስ እርስዎም ያውቁታል። መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ የሚከፈለው ቤቱና የመጠቀም መብቱ ነው። ቤቱ ካርታ የሌለው ጨረቃ ቤት ከሆነ መንገዱ ይጠብባል፤ ችሎቱ ስለ ይዞታው ለክፍለ ከተማው ጽፎ ሊጠይቅ ይችላል።

ሚኒባሱ ግን በወንድምዎ ስም ነው፤ በእህትና በወንድም መካከል «የጋራ ነው» የሚል ግምት የለም። እሱ «ስጦታ ነው» ወይም «ያበደረችኝን መልሻለሁ» ቢል ማስረዳት የሚገባዎት እርስዎ ነዎት። ብድር ነው ካሉ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ500 ብር የበለጠ ብድር በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በመሃላ ካልሆነ በምስክር አይረጋገጥም ይላል። ስለዚህ አቤቱታው ሲጻፍ «አበደርኩት» ማለትና «እንዲገዛልኝ ወከልኩት» ማለት የተለያየ ውጤት አላቸው፤ ጸሐፊው የመጣለትን ቃል እንዳያስገባ ያንብቡት። ማስረጃዎ በባንክ ወይም በሐዋላ ድርጅት የላኩበት ደረሰኝ፣ በኢሞና በዋትስአፕ የተላላካችሁት ጽሑፍና የድምፅ መልእክት ነው። በሰው እጅ ወይም በጓዳ ሐዋላ የተላከ ገንዘብ ግን ደረሰኝ የለውም። ከመክሰስዎ በፊት ወንድምዎ ከእናንተ ጋር ሲታረቅ በሽማግሌ ፊት «የሷ ነው» ብሎ ቢፈርም ከብዙ ምስክር ይበልጣል።

አንድ ነገር እንጨምር፣ ደስ ባይልዎትም። ሚኒባሱም የተገዛው በትዳር ጊዜ ባገኙት ገቢ ነው። የእርስዎ መሆኑን ከወንድምዎ ላይ ቢያስረዱ፣ ባለቤትዎ ግማሹን ሊጠይቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ የልጄ አባት ድሬዳዋ ባጃጅ ይነዳል። በወር 3,000 ብር ቀለብ ተወስኖበት ነበር፤ አንድ ብር አልከፈለም። ውሳኔው በእጄ ነው። ዳኛዋ ዘንድ ሄጄ ላልቅስባቸው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ማልቀስ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልግዎት የአፈጻጸም መዝገብ ነው። ውሳኔ ማግኘትና ውሳኔ ማስፈጸም ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ናቸው። የውሳኔውን ትክክለኛ ግልባጭ ይዘው በዚያው ፍርድ ቤት የአፈጻጸም ማመልከቻ ያስገቡ፤ ያልተከፈለውን ወር በወር ዘርዝረው ድምሩን ያስቀምጡ፤ ከሁሉም በላይ የአባትየውን ንብረት ያሳዩ። ደሞዝተኛ ቢሆን ቀሪው ቀላል ነበር፤ ለመሥሪያ ቤቱ ተጽፎ በየወሩ ይቆረጣል። ባጃጁ የራሱ ከሆነ ሊብሬው በስሙ መሆኑን የሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እንዲገልጽ ለችሎቱ ያመልክቱ፤ ሊያዝ ይችላል። የሰው ባጃጅ እየነዳ ዕለታዊ ገቢ የሚያስገባ ከሆነ የባለቤቱን ማንነትና የሥራ ባልደረቦቹን ምስክርነት ይዘው ይቅረቡ።

የቀለብ መጠን በመቶኛ አይቆረጥም። ዳኛው የልጁን ፍላጎትና የከፋዩን አቅም ያመዛዝናሉ። የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሕክምና ወረቀት ያላት እናት «ኑሮ ተወዷል» ብቻ ከምትል እናት የተሻለ ውሳኔ ታገኛለች። ኑሮ ሲለወጥ ቀለቡ እንዲጨምር (በእሱ በኩል ደግሞ እንዲቀንስ) አዲስ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል። ሳይጠየቅ ለብዙ ወራት የተከማቸ ቀለብን ወደ ኋላ ተመልሶ ማስከፈል ግን ያስቸግራል፤ አይጠብቁ። ክፍያው ሁልጊዜ በባንክ ይሁን፤ በእጅ የተሰጠ ገንዘብ ሲካድ መላ የለውም። አቅም እያለው ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የሚከለክል ሰው በወንጀል ሕጉም በአቤቱታ ሊጠየቅ ይችላል።

«ቀለብ ካልከፈለ ልጁን አላሳየውም» ይሉ ይሆናል። እዚህ ላይ እንከራከርዎታለን። ልጁን ማየትና ቀለብ መክፈል በችሎት የሚገናኙ ነገሮች አይደሉም፤ የከለከሉት እንደሆነ ችሎት ፊት ጥፋተኛ የሚሆኑት እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ፦ መጥሪያ ሳይደርሰኝ ቤቴ ላይ ተፈርዶብኛል። በጋዜጣ ተጠርተሃል አሉኝ። ይግባኝ ልበል?

መልስ፦ ቆይ፣ ይግባኝ መጀመሪያ አይደለም። በሌሉበት የተሰጠ ውሳኔ መሆኑን ባወቁ በ1 ወር ውስጥ ውሳኔውን ለሰጠው ፍርድ ቤት «መዝገቡ ተከፍቶ ልከራከር» ብለው በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 78 ያመልክቱ። መጥሪያው በአግባቡ እንዳልደረሰዎት ያስረዱ፦ ከሳሽ አድራሻዎን እያወቀ «አድራሻው አይታወቅም» ብሎ ከሆነ የዕድር መዝገብ፣ የመብራት ቢል፣ የወረዳ መታወቂያ ሁሉ ማስረጃ ነው። ያወቁበትን ቀን በማስረጃ ያሳዩ፤ 1 ወር የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ይግባኝ የሚባለው (60 ቀን) ተከራክረው ሲሸነፉ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አረፈ። ሁለት ልጆች አሉን፤ ከትዳር ውጭ የወለደው አንድ ልጅም አለው። አንድ ቤትና የባንክ ገንዘብ አለን። እኔ ምን እወርሳለሁ? (ከየካ)

መልስ፦ ነፍስ ይማር። ኑዛዜ ከሌለ በሕጋችን ሚስት ባሏን አትወርስም፤ ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። የእርስዎ መብት ከውርስ በፊት ነው፦ የጋራ ንብረቱ ግማሽ የእርስዎ ነው። ውርስ የሚባለው የሟች ግማሽ ነው፤ እሱን ልጆቹ ሦስቱም እኩል ይካፈሉታል። ከትዳር ውጭ የተወለደው ልጅ ከእናንተ ልጆች እኩል ነው። ስለዚህ ቤቱና ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ የጋራ ከነበረ የእርስዎ ግማሽ፣ የእያንዳንዱ ልጅ አንድ ስድስተኛ ይሆናል። የጡረታ አበል ከዚህ ውጭ ነው፤ የውርስ ሀብት አይደለም፣ በጡረታ ሕጉ መሠረት ለእርስዎና አካለ መጠን ላላደረሱ ልጆች ይሰጣል።

አዲስ አበባ ከሆኑ የወራሽነት ማረጋገጫ የሚሰጠው የከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆች የልደት ማስረጃና ምስክሮች ያዘጋጁ። ሦስተኛውን ልጅ ከአቤቱታው ማስቀረት ትልቁ ስህተት ነው፤ ልጁ በኋላ መጥቶ ማረጋገጫውን ያሰርዛል፣ ያወጡት ገንዘብም ይመለሳል። ባንኩ በሟች ስም ያለውን ሒሳብ ያለ ፍርድ ቤት ወረቀት አይነካም፤ ግማሹ የእርስዎ መሆኑን በቃል ቢነግሩትም አይሰማም። ካልተስማማችሁ የውርስ አጣሪ እንዲሾም መጠየቅ ይቻላል።

«እናታችን በሕይወት እያለች ንብረት አንካፈልም» ማለት ያምራል፤ ግን ያልተገባው ሰው እንደ ወራሽ ሆኖ ንብረቱን ይዞ ከሆነ፣ እውነተኛው ወራሽ መብቱንና መያዙን ካወቀ በ3 ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። አክብሮት ጊዜ አያስቆምም።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ በፍርድ ቤት ተፋትተናል። አዲስ አበባ ያለውን ቤት ለመካፈል ያ ውሳኔ ይበቃኛል? እህቴን ልወክላት እችላለሁ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ብቻውን አይበቃም። የውጭ አገር ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት ያስፈልጋል፤ ፍርድ ቤቱም የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 458 ያስቀመጣቸውን ነገሮች ይመለከታል፦ ፍርዱ የመጨረሻ መሆኑን፣ ሌላኛው ወገን የመከራከር ዕድል ማግኘቱን፣ ለእኛ ሕዝብ ሞራልና ጸጥታ ተቃራኒ አለመሆኑን፣ ያ አገርም የእኛን ፍርድ የሚፈጽም መሆኑን። ብዙ ማመልከቻ የሚደናቀፈው በመጨረሻው ነጥብ ነው። በዚህ ምክንያት ቤቱን በሚመለከት ክሱን ቤቱ ባለበት ማቅረብ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው፤ የሜሪላንዱን ውሳኔ ፍቺው ለመፈጸሙ ማስረጃ አድርገው ያያይዙት። ሰነዱ በአሜሪካ መንግሥት፣ ከዚያ በኤምባሲያችን፣ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ፣ ወደ አማርኛም መተርጎም አለበት።

እህትዎን መወከል ይችላሉ፤ እህት ያለ ክፍያ በፍርድ ቤት ልትቆምልዎት ትችላለች። ውክልናው ላይ ግን «ጉዳዬን ሁሉ ታስፈጽም» ብቻ አይጻፍ። ቤት ለመሸጥም ሆነ ለመታረቅ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል፤ «እንድትሸጥ፣ እንድትታረቅ» የሚሉት ቃላት በግልጽ ይግቡ። ስምዎ ከነአያት በፓስፖርቱና በካርታው ላይ አንድ ዓይነት መሆኑንም ያረጋግጡ፤ «ገብረ» እና «ገ/» እየተባለ ውልና ማስረጃ ላይ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ኑዛዜውን ኮምፒውተር ቤት አስጽፎ ሦስት ጎረቤት አስፈርሟል። ይጸናል?

መልስ፦ በዚህ ሁኔታ አይጸናም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑ በኑዛዜው ላይ ተጽፎ ሁሉም ወዲያው መፈረም አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ ሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። አባትዎ በሕይወት ስላሉ መፍትሔው ቀላል ነው፤ አራተኛውን ጎረቤት አምጥተው አሮጌው ወረቀት ላይ ከማስፈረም እንደ አዲስ ጽፈው፣ አስነብበው፣ ያስፈርሙ።